የቤት ኢንሹራንስ ስትቀይሩ አሮጌውን ፖሊሲ እንዴት ትሰርዛላችሁ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ባለቤቶች ዝርዝር መመሪያ

አዲስ የቤት ኢንሹራንስ መግዛት ቀላል ነው፤ ሰው የሚቸገረው አሮጌውን ሲዘጋ ነው። አንዳንዱ ቀድሞ ይሰርዝና ቤቱ ለቀናት ያለ ሽፋን ያድራል። ሌላው መክፈል ስላቆመ ብቻ የተሰረዘ ይመስለውና ቆይቶ የዕዳ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ብዙው ደግሞ ሞርጌጅ ካምፓኒውን ሳያሳውቅ ስለሚቀር ባንኩ በራሱ ውሳኔ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሒሳቡን ይጭንበታል።

የሁሉም መነሻ አንድ ነው። አሮጌው ካምፓኒ፣ አዲሱ ካምፓኒና ሞርጌጁን የሚሰበስበው ድርጅት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ብለን እንተማመናለን። አትተማመኑ። ወረቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ መጀመሪያ አዲሱን በእጅ መያዝ፣ ቀጥሎ ባንኩን ማሳወቅ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌውን መሰረዝ። አትገልብጡት።

መመሪያው በአሜሪካ ቤት፣ ታውንሃውስ ወይም ኮንዶ ላላችሁ ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የራሳችሁን ፖሊሲ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሰብስቡ

- የአሮጌውን ፖሊሲ ዲክሌሬሽን ፔጅ። የፖሊሲ ቁጥሩ፣ የሽፋኑ መጠን፣ የሚያበቃበት ቀንና የባንኩ ስም የሚገኙት እዚህ ላይ ነው።
- የአሮጌውን ፖሊሲ ሙሉ ቅጂ። ከሌላችሁ ኤጀንቱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በኢሜይል ይልኩታል። «ካንስሌሽን» የሚለውን ክፍል ፈልጋችሁ አንብቡ።
- የመጨረሻውን የሞርጌጅ ስቴትመንት። የብድር ቁጥሩንና «ኤስክሮ» የሚለውን መስመር ትፈልጉታላችሁ።
- በቤቱ ላይ ሁለተኛ ብድር ወይም የሆም ኢኩዊቲ መስመር ካለ የእሱንም ወረቀት።

ኢንሹራንሱን ማን እየከፈለ እንደሆነ አሁኑኑ ለዩ። በየወሩ ከሞርጌጁ ጋር ተደምሮ የሚከፈል ከሆነ ኤስክሮ አላችሁ፤ ካምፓኒውን የሚከፍለው ባንኩ ነው። ከካርዳችሁ ወይም ከባንክ ሒሳባችሁ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ነገር በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

## ደረጃ 1፦ መሃል ላይ መሰረዝ ምን እንደሚያስከፍል እወቁ

የቤት ኢንሹራንስን እስኪታደስ መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ በፈለጋችሁት ጊዜ መሰረዝ ትችላላችሁ። ልዩነቱ የሚመለስላችሁ ገንዘብ ላይ ነው። ፖሊሲያችሁ «ፕሮ ራታ» የሚል ከሆነ ያልተጠቀማችሁባቸው ቀናት ሙሉ ገንዘብ ይመለሳል። «ሾርት ሬት» የሚል ከሆነ ካምፓኒው ከዚያ ላይ ቅጣት ይቆርጣል።

እንበል የዓመቱ ክፍያ 2,190 ዶላር ነው፤ በቀን 6 ዶላር ማለት ነው። 100 ቀን ሲቀር ብትሰርዙ በፕሮ ራታ 600 ዶላር ይመለሳል። ሾርት ሬት 10 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ 540 ዶላር ታገኛላችሁ። አዲሱ ካምፓኒ የሚያተርፍላችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩ።

ሁለት ነገር አትርሱ። መኪናችሁና ቤታችሁ አንድ ካምፓኒ ዘንድ ከሆኑ ቤቱን ስታወጡ የመኪናው ቅናሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ከመወሰናችሁ በፊት የመኪናው ዋጋ ስንት እንደሚሆን በግልጽ ጠይቁ። አምብሬላ ፖሊሲ (ከቤቱና ከመኪናው ኢንሹራንስ በላይ ተጨማሪ የተጠያቂነት ሽፋን የሚሰጥ) ካላችሁ ደግሞ ከሥሩ ያለው የቤት ኢንሹራንስ የተወሰነ የተጠያቂነት መጠን እንዲኖረው ይጠይቃል፤ አዲሱ ያንን መጠን ካላሟላ አምብሬላው በሚያስፈልግበት ሰዓት ክፍተት ይፈጥራል።

ያልተዘጋ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) ካላችሁ አትደንግጡ። ጉዳቱ በደረሰበት ቀን የነበረው ፖሊሲ ነው የሚከፍለው፤ ብትሰርዙትም ያንን ክሌይም ይጨርሳል። ለአዲሱ ካምፓኒ ግን ክሌይሙን አትደብቁ። እስከ 7 ዓመት ወደኋላ ያለው የክሌይም ታሪካችሁ ክሉ በሚባለው ሪፖርት ውስጥ ይታያል።

## ደረጃ 2፦ አዲሱን ከአሮጌው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ

ርካሽ የሆነው አንድ ነገር ስለጎደለው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ዲክሌሬሽን ፔጅ ጎን ለጎን አድርጉና እነዚህን ፈልጉ።

ዲዳክቲብሉ። በዶላር ነው ወይስ በመቶኛ? የቤቱ ሽፋን 400,000 ዶላር ሆኖ የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል 2 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 8,000 ዶላር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ጣሪያው። ሙሉ የመተኪያ ዋጋ ይከፈላል ወይስ በእርጅናው ተቀንሶ? አሮጌ ጣሪያ ላይ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው።

የቤዝመንት ውሃ። ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚገባ ወይም ሰምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ውሃ የሚያስወጣው) ሲበላሽ የሚሞላ ውሃ በመደበኛው ፖሊሲ አይሸፈንም፤ «ዋተር ባክአፕ» የሚባል ተጨማሪ ያስፈልጋል። አሮጌው ላይ ኖሮ አዲሱ ላይ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀረው ይሄ ነው። ቤዝመንት ያላችሁ ሁሉ ጠይቁ።

ቤቱ ውስጥ የሚሠራው። ቤዝመንቱን አከራይታችሁ ከሆነ ወይም እቤት ውስጥ የልጆች ዴይኬር ካላችሁ ለአዲሱ ኤጀንት በግልጽ ንገሩና በጽሑፍ ይግባ። በእኛ ማኅበረሰብ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው፤ ሳይነገር የቀረ ተከራይ ወይም ዴይኬር ደግሞ ክሌይም በሚቀርብበት ቀን ነው የሚወጣው።

የጎርፍ ኢንሹራንስ ካላችሁ እሱ የተለየ ፖሊሲ ነው። ከቤቱ ጋር አብራችሁ አትሰርዙት። በፌዴራሉ የጎርፍ ፕሮግራም አዲስ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ መሃል ላይ መሰረዝም የሚፈቀደው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው።

## ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን ግጠሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ አንብቡት።

የቤት ፖሊሲዎች በአብዛኛው የሚጀምሩትም የሚያበቁትም ከእኩለ ሌሊት 1 ደቂቃ እንዳለፈ ነው፤ በወረቀቱ ላይ 12:01 ኤኤም ተብሎ ይጻፋል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። ስለዚህ «ሰኔ 15 ያበቃል» ማለት ሰኔ 15 ቀን ሙሉ ተሸፍናችኋል ማለት አይደለም። ሽፋኑ የሚያልቀው ሰኔ 15 ገና ሲጀምር ነው። አዲሱን «ሰኔ 16 ይጀምር» ካላችሁ ሰኔ 15 ቀኑን ሙሉ ቤቱ ያለ ኢንሹራንስ ነው።

ትዕዛዙ አጭር ነው፦ አዲሱ የሚጀምርበትና አሮጌው የሚሰረዝበት ቀን አንድ ቀን ይሁን። ሰኔ 15 ይጀምራል፣ ሰኔ 15 ይሰረዛል።

ከሁለቱ የአንዱ ሰዓት የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ እኩለ ቀን ላይ የሚል ከሆነ፣ አንድ ቀን እንዲደራረቡ አድርጉ። መደራረቡ ጥቂት ዶላር ያስወጣል፤ ክፍተቱ ግን ቤት ያሳጣል። ሁለት ፖሊሲ በአንድ ቀን ስላለ ሁለት ጊዜ ክፍያ አይገኝም፤ ሁለቱ ካምፓኒዎች ጉዳቱን ይካፈሉታል።

ቀን ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጻፉ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ እኛ ቀኑን ማስቀደም ስለለመድን 06/07 ብላችሁ የጻፋችሁት ለእናንተ ሐምሌ 6 ሆኖ ለእነሱ ሰኔ 7 ይሆናል። እዚህ ያሉት ወራት በሙሉ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉ።

አዲሱን ፖሊሲ ከሚጀምርበት ቀን 3 ወይም 4 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙት። የምትቀይሩት በእድሳት ጊዜ ከሆነና ኤስክሮ ካላችሁ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ባንኮች የእድሳቱን ክፍያ ከቀኑ በፊት ስለሚልኩ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ገንዘቡ ለአሮጌው ካምፓኒ ሄዷል።

## ደረጃ 4፦ አዲሱን በወረቀት ያዙ

«ተመዝግበሃል» የሚል የስልክ ቃል ፖሊሲ አይደለም። ቀጣዩን ደረጃ ከመጀመራችሁ በፊት አዲሱ ዲክሌሬሽን ፔጅ ወይም ባይንደር (ፖሊሲው እስኪወጣ የሚያገለግል ጊዜያዊ ማስረጃ) በኢሜይል ይድረሳችሁ። ሲደርስ እነዚህን አረጋግጡ፦

1. ስም። ቤቱ በሁለታችሁ ስም ከሆነ ሁለታችሁም ኔምድ ኢንሹርድ (በፖሊሲው ላይ ስሙ የተጻፈ ባለቤት) ተብላችሁ ግቡ። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ካምፓኒዎች አንዱን እንደ ሌላ ሰው ቆጥረው ይተዉታል። የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በሞርጌጁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።
2. አድራሻ። የዩኒት ቁጥሩ ጭምር።
3. የባንኩ ስም። «ሞርጌጂ ክሎዝ» የሚባለው ነው። የባንኩን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ሙሉ ስያሜው፣ የኢንሹራንስ ክፍሉ የፖስታ አድራሻና የብድር ቁጥራችሁ ይግባ። አድራሻው ክፍያ ከምትልኩበት የተለየ ነው። ከሞርጌጅ ካምፓኒው ድረ ገጽ የኢንሹራንስ ገጹን ፈልጋችሁ ቅዱት፣ ወይም ደውላችሁ «የሞርጌጂ ክሎዛችሁን በኢሜይል ላኩልኝ» በሉ። ብድራችሁ ለሌላ ድርጅት ተላልፎ ከሆነ ከአሮጌው ፖሊሲ ላይ አትገልብጡ፤ የቀድሞውን ስም ይዞ ሊሆን ይችላል።
4. የመጀመሪያው ክፍያ። በኤስክሮ የሚከፈል ከሆነ ኤጀንቱ ሒሳቡን ለባንኩ መላኩን ጠይቁ። በፍጥነት የማይደርስ ከመሰላችሁ የመጀመሪያውን ራሳችሁ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ካምፓኒ ብዙ ጊዜ ቤቱን ፎቶ የሚያነሳ ወይም የሚመረምር ሰው ይልካል። ባየው ነገር ካልተስማማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፖሊሲውን መሰረዝ ይችላል። በሜሪላንድ ይህ የማጣሪያ ጊዜ 45 ቀን ነው፤ በብዙ ሌሎች ስቴቶች 60 ቀን ነው። የተሰበረ የደረጃ መደገፊያ፣ ጣሪያ ላይ የተጋደመ ቅርንጫፍና የተላጠ ቀለም ካለ ከምርመራው በፊት አስተካክሉ።

## ደረጃ 5፦ ሞርጌጅ ካምፓኒውን አሳውቁ

ቤታችሁ ዕዳ ከሌለበት ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

አዲሱ ኤጀንት ለባንኩ እልካለሁ ይላችኋል። ይላክ፤ ግን እናንተም ላኩ። አብዛኞቹ ድርጅቶች የኢንሹራንስ ወረቀት የሚጫንበት ገጽ አላቸው። አዲሱን ዲክሌሬሽን ፔጅ ጫኑና የማረጋገጫ ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ ብድር ካለ ለእሱም እንዲሁ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ደውሉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

- አዲሱ ፖሊሲ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ተመዝግቧል?
- ለአሮጌው ካምፓኒ የተላከ ወይም ሊላክ የታቀደ ክፍያ አለ? ካለ አቁሙልኝ።
- ለአዲሱ ካምፓኒ ክፍያ የሚላከው መቼ ነው?

የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ሲያነሱ መጀመሪያ «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ ትልልቅ ድርጅቶች በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያገናኛሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ ከማድረግ ይህ ይሻላል።

## ደረጃ 6፦ አሮጌውን በጽሑፍ ሰርዙ

አሁን ነው የሚሰረዘው። ደውሉና የሚፈልጉትን ጠይቁ። አንዳንዱ ካምፓኒ በስልክ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይጠይቃል። ኤጀንቶች ለዚህ አኮርድ 35 የሚባል የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው። የትኛውም ቢሆን እናንተ ጽሑፍ ላኩ፤ የተለመደው የቤት ፖሊሲም የሚለው መሰረዣውን ቀን በጽሑፍ አሳውቁ ነው።

ስልኩ ላይ ዋጋ እንቀንስላችሁ ማለታቸው አይቀርም። ወስናችሁ ከሆነ «አዲስ ፖሊሲ ይዣለሁ፣ መሰረዝ ብቻ ነው የምፈልገው» በሉና እዚያው አቁሙ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ይህን ይያዝ፦

> ቀን፦
> የፖሊሲ ቁጥር፦
> የቤቱ ሙሉ አድራሻ፦
> ይህን ፖሊሲ ከ(የወሩ ስም፣ ቀን፣ ዓመት) 12:01 ኤኤም ጀምሮ እንድትሰርዙ እጠይቃለሁ። ከዚሁ ቀን የሚጀምር ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ፤ ማስረጃው ተያይዟል።
> ከዚህ ቀን በኋላ ከባንክ ሒሳቤም ሆነ ከካርዴ ምንም ክፍያ አትውሰዱ።
> ያልተጠቀምኩበትን ፕሪሚየም በዚህ አድራሻ መልሱልኝ፦
> መሰረዙን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ላኩልኝ።
> የሁሉም ኔምድ ኢንሹርድ ስምና ፊርማ፦

ሁለት ሰው ፖሊሲው ላይ ካለ ሁለቱም ይፈርሙ። አንዱ ኢትዮጵያ ከሄደ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብዳቤውን በኢሜይል ወይም በድረ ገጻቸው ላኩ፤ በፖስታ የምትልኩ ከሆነ የመድረሻ ፊርማ ባለው ሰርቲፋይድ ሜይል ይሁን።

የኮንዶ ባለቤቶች፦ የምትሰርዙት የእናንተን ፖሊሲ ብቻ ነው። የማኅበሩ ማስተር ፖሊሲ የተለየ ነው፤ ባንኩ ሁለቱንም ስለሚጠይቅ ወረቀቶቹን አታምታቱ።

መክፈል በማቆም አትሰርዙ። ካምፓኒው «ባለመክፈል የተሰረዘ» ብሎ ይመዘግባል፣ ለተሸፈናችሁባቸው ቀናት ቀሪ ሒሳብ ያስከፍላል፣ ካልተከፈለም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሊልከው ይችላል። ወደፊት ኢንሹራንስ ስታመለክቱ «ተሰርዞብህ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

## ደረጃ 7፦ ማረጋገጫውን ጠብቁ፣ ከዚያ ኦቶፔይን አጥፉ

የመሰረዣ ማረጋገጫ በ10 ቀን ውስጥ ካልመጣ ደውሉ። ሲመጣ ቀኑን ብቻ ተመልከቱ፦ ካዘዛችሁት ቀን አንድ ቀን እንኳ ቢቀድም ወዲያው እንዲታረም ጠይቁ። ኦቶፔይን (በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) የምታጠፉት ማረጋገጫው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ካጠፋችሁት በመሃል የሚመጣ ክፍያ ይመለስና ነገሩ ወደ «አልከፈለም» ይዞራል። ቀጣዮቹን ሁለት ወራት የባንክ ስቴትመንታችሁን እዩ።

## ደረጃ 8፦ ተመላሹን ገንዘብ ወደ ቦታው አድርሱ

ኤስክሮ ለሌላችሁ ሰዎች ቀላል ነው፤ ቼኩ ወይም ወደ ካርድ የሚመለሰው ገንዘብ የእናንተ ነው።

ኤስክሮ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ፕሪሚየሙን የከፈለው ባንኩ ቢሆንም ቼኩ ብዙ ጊዜ በእናንተ ስም ወደ ቤት ይመጣል። ትርፍ ገንዘብ ይመስላል፤ አይደለም። ባንኩ ከኤስክሮ ለአሮጌው ከፍሏል፣ ለአዲሱም ይከፍላል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ጎድሏል። ቼኩን ለሌላ ነገር ካዋላችሁት በዓመታዊው የኤስክሮ ምርመራ ጉድለት ይወጣና ወርሃዊ ክፍያችሁ ይጨምራል። «ኢንሹራንስ ቀይሬ ሞርጌጄ ለምን ጨመረ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው።

ቼኩን ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡና ያንኑ መጠን ለሞርጌጅ ካምፓኒው ላኩ። ስትልኩ «ለኤስክሮ ብቻ» ብላችሁ ምረጡ ወይም ቼኩ ላይ ከብድር ቁጥሩ ጋር ጻፉ፤ ካልተጻፈ ወደ ዋናው ብድር ይገባና ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል።

ቼኩ በሁለት ሰው ስም «እና» ተብሎ ከተጻፈ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ ሩቅ ከሆነ ካምፓኒው በአንዱ ስም እንደገና እንዲያወጣ ጠይቁ።

## አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ባንኩ «ኢንሹራንስ የለህም» የሚል ደብዳቤ ላከ። ይህ ፎርስ-ፕሌስድ ኢንሹራንስ፣ ማለትም ባንኩ በራሱ ውሳኔ በእናንተ ሒሳብ የሚገዛው፣ ሊገዛባችሁ መሆኑን የሚናገር ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ የሚጠብቀውም በዋናነት የባንኩን ጥቅም እንጂ ዕቃችሁን አይደለም። በፌዴራል ደንብ ባንኩ ከማስከፈሉ ቢያንስ 45 ቀን በፊት የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ ቆይቶም ማስታወሻ መላክ አለበት። ደብዳቤው በደረሰ ቀን አዲሱን ዲክሌሬሽን ፔጅ ላኩ። ገዝቶባችሁ ከሆነም ማስረጃ ከደረሰው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሰርዞ፣ የእናንተ ፖሊሲ በነበረባቸው ቀናት ያስከፈለውን መመለስ ግዴታው ነው።

አሮጌው ካምፓኒ ሳታውቁት አደሰ። አዲሱ ፖሊሲ የጀመረበትን ቀን የሚያሳይ ገጽ ላኩና መሰረዙ ወደዚያ ቀን እንዲመለስ ጠይቁ። ድርብ ሽፋን እንደነበር በወረቀት ካዩ ብዙ ካምፓኒዎች ይቀበላሉ። እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ልመናችሁን ያከብደዋል።

ባንኩ ለተሳሳተው ካምፓኒ ከፈለ። ሁለት ቦታ በአንድ ቀን ደውሉ፦ አሮጌው ገንዘቡን እንዲመልስ፣ ባንኩ ለአዲሱ እንዲከፍል። አዲሱ ካምፓኒ «አልተከፈለኝም፣ እሰርዛለሁ» ካለ የባንኩን መልስ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ክፈሉና ደረሰኙን ለባንኩ ላኩ። የሞርጌጅ ክፍያችሁ ከ30 ቀን በላይ ካልዘገየ ባንኩ ኢንሹራንሱን በጊዜው የመክፈል ኃላፊነት አለበት፤ በእሱ ጥፋት የመጣ ቅጣት ካለ እንዲሸፍን ጠይቁ።

ክፍተት መፈጠሩን አወቃችሁ። መጀመሪያ ለአሮጌው ካምፓኒ ደውሉና መሰረዣው ቀን ወደፊት እንዲገፋ ጠይቁ። በመሃሉ ጉዳት እንዳልደረሰ የሚገልጽ ወረቀት ሊያስፈርሟችሁ ይችላሉ፤ እውነት ከሆነ ብቻ ፈርሙ።

አዲሱ ከምርመራ በኋላ ሰረዘ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሚጠገን ነገር ከሆነ ጠግናችሁ ፎቶውን ከመሰረዣው ቀን በፊት ላኩ። በጎን አሮጌው ካምፓኒ መልሶ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሌላ ኤጀንትም አነጋግሩ። ቀኑ ሳይደርስ አንዱ መያዝ አለበት።

ረጅም ጉዞ አላችሁ። ኢትዮጵያ ለወራት የምትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደረጃ 8 ካልደረሳችሁ ባትቀይሩ ይሻላል። ደብዳቤዎቹ የሚመጡት ወደ ቤት ነው፣ ቀን ይቆጥራሉ፣ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ገንዘባችሁ አልተመለሰም ወይም ማንም አይሰማችሁም። በኢንሹራንስ ካምፓኒው ላይ አቤቱታ የሚቀርበው ለስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ነው፤ በሜሪላንድ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዋሽንግተን ዲሲ የኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መሥሪያ ቤት። በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው በአማርኛ መስተናገድን ጠይቁ። ጥፋቱ የሞርጌጅ ካምፓኒው ከሆነ አቤቱታው ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ይቀርባል። ሁለቱም ዘንድ ክፍያ የለም። የደብዳቤዎቹን ቅጂ፣ የማረጋገጫ ቁጥሮቹንና የደወላችሁባቸውን ቀናት አያይዛችሁ አስገቡ።